አምፖል ቆጥሮ ሂሳብ ማካፈል ይብቃን
(የቤት ወጪ ኮሚቴው በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)

 

ባለፈው ስብሰባችን ስለ አምፖል አጣርተን እንድናቀርብ አደራ ሰጥታችሁን ነበር። ነገሩ ከየት እንደተነሣ ሁላችንም እናውቃለን። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ተከራዮች ነን፤ አከራዮችም አለን። በአንድ ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ቤተሰብ ሆነን በአንድ ቆጣሪ የምንጠቀም አለን። ወር ደርሶ ሂሳቡ ሲመጣ «ማን ምን ያህል ይክፈል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ አምፖል ይቆጠራል። ባለ ሁለት አምፖሏ ሁለት እጅ፣ ባለ አራት አምፖሏ አራት እጅ ትከፍላለች። ከዚያ ኩርፊያ ይከተላል። ቡና ይጠራሩ የነበሩ ጎረቤታሞች በመብራት ሂሳብ የተነሣ ሰላምታ ሲነፋፈጉ አይተናል። ገንዘቡ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በጎረቤት መካከል የሚተወው ቅሬታ ግን ትንሽ አይደለም።

ዛሬ ልናሳያችሁ የምንፈልገው አምፖል ሁሉ እኩል እንደማይበላ፣ በቁጥር ማካፈልም ቆጣቢዋን እንደሚቀጣ ነው። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ማባዛትና ማካፈል የምትችል የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያለችው እናት ሁሉ ቤቷ ውስጥ ልትሠራው ትችላለች።

መብራት የምንለው ሁሉ መብራት አይደለም

በአማርኛችን ኤሌክትሪክን በሙሉ መብራት ብለን ነው የምንጠራው። «መብራት ጠፋ»፣ «መብራት መጣ»፣ «የመብራት ሂሳብ» እንላለን። ምጣዱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ካውያውም፣ የውሃ ማፍያውም «በመብራት» ነው የሚሠራው። ስሙ አንድ በመሆኑ ሂሳቡ ሲበዛ መጀመሪያ የምንጠረጥረው አምፖሉን ነው። «አጥፊ! አጥፊ!» የምንባባለውም በአምፖል ነው።

እስቲ እናመዛዝነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ብንጋግርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቆጣሪያችን የሚቆጥረው፣ እኛም የምንከፍልበት ይህ ኪሎዋት ሰዓት የሚባለው መለኪያ ነው። ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ ያንኑ 7 ኪሎዋት ሰዓት ለመጨረስ 23 ቀን ይፈጅበታል። ባለ 9 ዋቱ ኤልኢዲ ደግሞ ከአምስት ወር በላይ ይፈጅበታል።

ይህን ስትሰሙ «እንግዲያው አምፖል ምን ያደርጋል? ምጣዱ ነው እንጂ!» ትሉ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ምጣድ በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ነው የሚሠራው። አምፖሎች ግን ብዙ ናቸው፤ በየምሽቱም ለሰዓታት ይበራሉ። ስድስት ባለ 60 ዋት አምፖል ያለባት ቤት በቀን አምስት አምስት ሰዓት ብታበራ በወር 54 ኪሎዋት ሰዓት ትጨርሳለች። ስድስቱን በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ብትለውጥ ግን 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃታል። የተረፈው 46 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት የምትጋግር ሴት በወር ለምጣዷ የሚያስፈልጋት 28 ነው። አምፖሎቹ ያተረፉላት ኃይል የወሩን እንጀራ ጋግሮ ይተርፋል ማለት ነው።

ሣሩና ወተቱ

ሱቅ ገብተን አምፖል ስንጠይቅ «ባለ ስንት ዋት?» እንባላለን። እኛም ዋቱ የብርሃኑ መጠን ይመስለናል። ዋት ግን አምፖሉ የሚበላው ኃይል እንጂ የሚሰጠው ብርሃን አይደለም። የሚሰጠው ብርሃን የሚለካው ሉመን በሚባል መለኪያ ነው። ላም እንደምንገዛ አድርገን እናስበው፤ ዋት ሣሩ ነው፣ ሉመን ወተቱ ነው። ብዙ ሣር የምትበላ ላም ሁሉ ብዙ ወተት አትሰጥም። ጎበዝ ገዢ ስትገዛ የምትጠይቀው ስለ ወተቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያንን ወተት ለማግኘት ስንት ሣር እንደሚፈጅ ታጣራለች።

አንድ መካከለኛ ክፍል ለማብራት 700 እና 800 ሉመን ገደማ ይበቃል። ይህንን ያህል ብርሃን ለማግኘት አራቱ የአምፖል ዓይነቶች የሚበሉት እንደሚከተለው ነው።

የመጀመሪያው ውስጡ ቀጭን ሽቦ ያለው የድሮው ቢጫ አምፖል ነው። 60 ዋት ይበላል። የሚሠራው ሽቦው እስኪግል ድረስ በማጋል ነው። ከሚበላው ኃይል ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሆነው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ብርሃን የሚሆነው ትንሹ ነው። በርቶ ከቆየ በኋላ የነካችው ሴት ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልጋትም። ዕድሜው 1000 ሰዓት ገደማ ነው። በቀን አምስት ሰዓት ካበራን ሰባት ወር እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው ሃሎጅን ነው። የድሮው አምፖል ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም ሽቦ እያጋለ ነው የሚያበራው። 42 ዋት ገደማ ይበላል፤ ዕድሜው 2000 ሰዓት ገደማ ነው። ሻጩ «ቆጣቢ ነው» ቢል ከድሮው ይሻላል ለማለት እንጂ ከሚቀጥሉት ሁለቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሦስተኛው ብዙዎቻችን «ቆጣቢ» ብለን የለመድነው የተጠማዘዘ ቱቦ ያለው አምፖል ነው። 14 ዋት ገደማ ይበላል፤ ከ6000 እስከ 10000 ሰዓት ይቆያል። አብዛኞቻችን የተዋወቅነው የመብራት ኃይል ኮርፖሬሽን የድሮውን አምፖል እየተቀበለ ይህንን በለውጥ ባከፋፈለበት ጊዜ ነው። የዚያ ጊዜ ዓላማ ምሽት ላይ ሁሉም ሰው መብራት በሚያበራበት ሰዓት የሚፈጠረውን ጭነት መቀነስ ነበር። ይህ አምፖል ሲበራ ሙሉ ብርሃኑን ለመስጠት ትንሽ ይዘገያል፤ ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋትም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ውስጡም ጥቂት ሜርኩሪ አለው፤ ወደዚህ ኋላ እንመለስበታለን።

አራተኛው ኤልኢዲ ነው። ለዚያው ብርሃን 9 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ጥሩ ሆኖ የተሠራው 15000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ይህም በቀን አምስት ሰዓት ለሚያበራ ቤት ስምንት ዓመት ነው። በዚያ ስምንት ዓመት የድሮውን አምፖል አሥራ አምስት ጊዜ መግዛት ይጠበቅብናል። ኤልኢዲ የሚያጋልው ሽቦ የለውም፤ የሚያበራው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ቁስ ነው። ቀይና አረንጓዴው ቀድሞም ነበር፤ በሬዲዮና በቴፕ ላይ የምናያት ትንሽ መብራት እሷ ናት። ቤት የሚያበራ ነጭ ብርሃን እንዲገኝ ያደረገው ግን የሰማያዊው መፈልሰፍ ነው። ለዚህም ሥራቸው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዛሬ በገጠር ያሉ እናቶቻችን ኩራዝ ትተው በፀሐይ የምትሞላ ትንሽ ፋኖስ እንዲያበሩ ያስቻለውም ይኸው ግኝት ነው። የድሮው አምፖል ቢሆን ኖሮ በዚያች ትንሽ ባትሪ ብዙ አይቆይም ነበር።

ግቢው ውስጥ ያለው ሂሳብ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንምጣ። ሦስት ተከራዮች ያሉበት ግቢ እናስብ። ሦስቱም በቀን አምስት ሰዓት ያበራሉ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት።

የመጀመሪያዋ አራት አምፖል አላት፤ አራቱም ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ናቸው። በወር 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማለች። ሁለተኛዋ ያላት ሁለት አምፖል ብቻ ነው፤ ሁለቱም ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎች ናቸው። በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማለች። ሦስተኛዋ ሦስት ባለ 14 ዋት ቆጣቢ አላት። በወር 6.3 ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማለች። ሲደመር 41.7 ነው።

ለአምፖል የሚከፈለው ድርሻ 90 ብር ነው እንበል። አምፖል ቆጥረን ብናካፍለው ዘጠኝ አምፖል ስለሆነ ለአንዱ 10 ብር ይደርሳል። የመጀመሪያዋ 40፣ ሁለተኛዋ 20፣ ሦስተኛዋ 30 ብር ይከፍላሉ። በተጠቀሙት ልክ ብናካፍለው ግን የመጀመሪያዋ 11 ብር ከ65 ሳንቲም፣ ሁለተኛዋ 64 ብር ከ75 ሳንቲም፣ ሦስተኛዋ 13 ብር ከ60 ሳንቲም ይደርስባቸዋል።

እህቶቻችን፣ ይህን ልብ በሉልን። በአምፖል ቁጥር ሲካፈል ከሁሉ ያነሰ የተጠቀመችው ከሁሉ የበለጠ ከፈለች፤ ከሁሉ የበለጠ የተጠቀመችው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ከፈለች። ማንም ማንንም ሊበድል አስቦ አይደለም፤ መስፈሪያው ነው የተሳሳተው። በቁና መሰፈር ያለበትን እህል በከረጢት ቁጥር እንደመሸጥ ነው፤ ከረጢቱ ትንሽም ትልቅም ሊሆን ይችላል። ደግሞም በዚህ ዓይነት ክፍያ ውስጥ ያለች ሴት ኤልኢዲ የምትገዛበት ምክንያት የላትም። እሷ ገንዘቧን አውጥታ ቆጣቢውን ትገዛለች፤ የተቆጠበውን ግን ግቢው ሁሉ ይካፈለዋል።

ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። በግቢው ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እህት ብትኖርና በቀን አራት ሰዓት ብትጋግር በቀን 14 ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማለች። የሦስቱን ቤት የአንድ ወር የአምፖል ፍጆታ በሦስት ቀን ትጨርሰዋለች ማለት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ እንጀራዋ ነው። ነገር ግን የምጣዱን ሂሳብ ከአምፖሉ ለይቶ መያዝ ለእሷም ክብር ነው፤ ከሐሜት ያድናታል። የሚቻል ከሆነ በባለሙያ እጅ ለየቤቱ የሚያነብ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት የተሻለ ነው። ካልተቻለም የምጣዱን ዋትና የጋገረችበትን ሰዓት በደብተር መጻፍ ይበቃል።

ለሚጠራጠር ሰው ምስክሩ ግድግዳው ላይ አለ። አዲሶቹ ቆጣሪዎች ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ስንት ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሆን ቆጣሪው ፊት ላይ ተጽፏል። 1600 የሚል ከሆነ እንዲህ እናድርግ፤ የቤቱን ዕቃ ሁሉ እንንቀልና አንድ አምፖል ብቻ እናብራ። ባለ 100 ዋት ከሆነ ብልጭታዋ በየ22 ሰከንዱ ገደማ ትመጣለች። ባለ 60 ዋት ከሆነ በየ37 ሰከንዱ ገደማ ነው። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ ከሆነ ደግሞ አራት ደቂቃ ሊሞላ እስኪቃረብ መጠበቅ አለብን። ምጣዱን ብንሰካ ግን በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ብልጭ ትላለች። ጎረቤታሞች አብረው ቆመው ይህን ቢያዩ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

የትኛውን አምፖል መጀመሪያ እንለውጥ?

ቤታችን ያለውን አምፖል ሁሉ ነቅለን እንጣል አንልም። ገንዘባችን የተቆጠረ ነው፤ መጀመሪያ የሚገባው ብዙ ሰዓት ወደሚበራው ቦታ ነው።

አንድ ኤልኢዲ 150 ብር፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ 2 ብር ነው ብለን እናስላ። ይህ ለምሳሌ ብቻ ነው፤ ቤታችሁ ስትገቡ በሱቁ ዋጋና በደረሰኛችሁ ላይ ባለው ታሪፍ ተኩት።

የበር መብራት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ይበራል። ባለ 100 ዋት ከሆነ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። በባለ 12 ዋት ኤልኢዲ ቢለወጥ 4.3 ይሆናል። በወር ከ60 ብር በላይ ስለሚቆጥብ የተገዛበትን ዋጋ ሁለት ወር ከግማሽ ሳይሞላ ይመልሳል። በቀን አምስት ሰዓት የሚበራው የሳሎን ባለ 60 ዋት በባለ 9 ዋት ቢለወጥ በወር 15 ብር ያህል ይቆጥባል፤ ዋጋውን በአሥር ወር ገደማ ይመልሳል። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ የሚበራው የመጸዳጃ ቤት አምፖልስ? በወር የሚቆጥበው አንድ ብር እንኳ አይሞላም። ዋጋውን ለመመለስ አሥራ ስድስት ዓመት ይፈጅበታል።

አምፖሉ ያው አንድ ነው፤ ዋጋውም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሰዓቱ ነው። ስለዚህ የበሩን፣ የሳሎኑን፣ የኩሽናውን፣ የሱቁን እናስቀድም። የመጸዳጃ ቤቱና የዕቃ ቤቱ የድሮ አምፖል እስኪቃጠል ይቆይ።

የተጠማዘዘው ቆጣቢ ያላችሁም አትቸኩሉ። ከ14 ዋት ወደ 9 ዋት መውረድ በአንድ አምፖል በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይቆጥብም። ዕድሜውን ይጨርስ፤ ሲቃጠል በኤልኢዲ ይተካ።

ፀጉር ቤትና ሱቅ ያላችሁ እህቶች ረጅሙን ፍሎረሰንት ተመልከቱ። ባለ 36 ዋቱ ከድሮው ማስነሻው ጋር 45 ዋት ገደማ ይወስዳል። በባለ 18 ዋት የኤልኢዲ ዘንግ ቢለወጥ በቀን አሥር ሰዓት ለምትሠራ ቤት በወር 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይተርፋል፤ ከአንድ ቀን ጋገራ ይበልጣል። ነገር ግን የሽቦው አሠራር ስለሚለያይ በኤሌክትሪሻን አስለውጡ።

የድሮው አምፖል የሚሻልበት ቦታ

የዶሮ እርባታ ላይ ያላችሁ አባሎቻችን አንድ ጥያቄ አንሥታችኋል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ጫጩት ለማሞቅ የሚፈለገው ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ እየተቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ቦታ የድሮው አምፖል ጉድለቱ ጥቅም ይሆናል። ኤልኢዲ ብታደርጉበት ጫጩቶቹ በብርሃን ውስጥ በብርድ ያልቃሉ። አምፖሉ ግን ከጭድና ከጨርቅ ራቅ ብሎ በደንብ ይታሰር፤ ብዙ እሳት የተነሣው ከዚህ ነው።

እንቁላል ለሚጥሉት ዶሮዎች ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዶሮ በደንብ እንድትጥል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። በአገራችን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የተጠጋ ስለሆነ የቀረውን በአምፖል እንሞላለን። እዚህ የሚፈለገው ብርሃን ነውና ኤልኢዲ ይደረግ። በአንድ ዶሮ ቤት ውስጥ ሁለቱም አምፖል የየራሱ ቦታ አለው።

ስንገዛ ምን እንይ?

ገበያው ውስጥ ያለው ኤልኢዲ ሁሉ አንድ አይደለም። በሁለት ወር የሚቃጠል አለ። «ኤልኢዲ እንዲህ ነው» ብለን ከመተዋችን በፊት የሚከተለውን እንይ።

አንደኛ፣ ካርቶኑ ላይ ሉመን መጻፉን። ዋት ብቻ የጻፈ፣ ሉመን ያልጻፈ አምፖል ስለ ሣሩ ነግሮን ስለ ወተቱ ዝም ያለ ሻጭ ነው። ለአንድ ዋት 80 ሉመንና ከዚያ በላይ የሚሰጥ ከሆነ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ የቮልቴጁን መጠን። የሰፈራችን መብራት ከፍ ዝቅ ይላል። ካርቶኑ ላይ ለምሳሌ ከ100 እስከ 265 ቮልት የሚል አምፖል መዋዠቁን በተሻለ ሁኔታ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ቀለሙን። 2700 ወይም 3000 የሚል ቁጥር ያለበት ቢጫ ለምለም ብርሃን ይሰጣል፤ ለመኝታና ለሳሎን ይስማማል። 6500 የሚለው ደግሞ ድርቅ ያለ ነጭ ነው። ጥልፍ የምትጠልፉ፣ ክር የምትመርጡ እህቶች የቀለም መለያ ቁጥሩ ከ80 በላይ የሆነውን ፈልጉ። አለበለዚያ ማታ አንድ የመሰላችሁ ሁለት ክር ጠዋት በፀሐይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል።

አራተኛ፣ መንቀጥቀጡን። ሻጩ ያብራልንና በስልካችን ካሜራ እንየው። በስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር የሚመላለስ ከሆነ ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል፤ ለሚያጠኑ ልጆች ዓይን አይመችም።

አምስተኛ፣ ዋስትናውን። ደረሰኝና የተጻፈ ዋስትና የሚሰጥ ሱቅ ጥቂት ብር ቢያስጨምርም ይሻላል። ስንሰቅለውም አየር በሌለው በተዘጋ ግሎብ ውስጥ አንክተተው፤ ኤልኢዲ ራሱ ብዙ ባይሞቅም በውስጡ ያለው ትንሽ መሣሪያ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

ቆጣቢው ሲሰበር

የተጠማዘዘው ቆጣቢና ረጅሙ ፍሎረሰንት ውስጣቸው ሜርኩሪ ስላለ ሲሰበሩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ልጆችን ከክፍሉ እናውጣ። መስኮትና በር ከፍተን ከአሥር ደቂቃ በላይ እንቆይ። በመጥረጊያ አንጥረገው፤ ዱቄቱን ይበትነዋል። ስብርባሪውን በጠንካራ ወረቀት እንፈስ፣ የቀረውን በፕላስተር እናንሣ፣ በእርጥብ ጨርቅ እንወልውል፤ ሁሉንም ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ እንዝጋው። የተቃጠለውንም ቢሆን ልጆች እንዲጫወቱበት አንስጥ። መጠኑ ጥቂት ስለሆነ መደንገጥ አያስፈልግም፤ መናቅም ግን አይገባም።

«ግድቡ ተመርቋል፤ ለምን እንቆጥባለን?»

ይህን ጥያቄ ከአንድ በላይ አባል አንሥታለች። ታላቁ የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ እኛም ቦንድ ገዝተን ያዋጣንበት ነውና ደስታችን ነው። ነገር ግን በአገር ደረጃ ኃይል መብዛቱ የቆጣሪያችንን ሂሳብ አይከፍልልንም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ብዙ የሚጠቀም ቤት ደግሞ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ አምስት ቤቶች ተደምረው እንደ አንድ ትልቅ ቤት ስለሚታዩ ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። የሰፈሩ ትራንስፎርመርም ያው የድሮው ነው፤ ምሽት ላይ ሁላችንም ምጣድና አምፖል ስንደራርብበት ይጨናነቃል።

በመጨረሻም ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን፤ ተወያዩበትና ወስኑ።

የመጀመሪያው፣ በአንድ ቆጣሪ የምንጠቀም አባላት ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሂሳቡን በአምፖል ቁጥር ሳይሆን በዋትና በሰዓት እንድናካፍል። የአምፖሉን ዋት በሚበራበት ሰዓትና በ30 ቀን አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ነው፤ ኪሎዋት ሰዓቱ ይወጣል። ማስላት ለሚያስቸግራት እህት ኮሚቴው ቤቷ ድረስ መጥቶ ያሰላላታል። አከራይ የሆናችሁ አባሎቻችን በዚህ ቀዳሚ ብትሆኑልን ለሌላው ግቢ ምሳሌ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዷ አባል ቤቷ ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚበሩትን ሁለት አምፖሎች ለይታ ዋታቸውን ለኮሚቴው እንድታስመዘግብ።

ሦስተኛው፣ ከተዘዋዋሪ ገንዘባችን ላይ ለእነዚህ አምፖሎች ብቻ የሚሆን ብድር ተፈቅዶ በጋራ እንድንገዛ። በመጀመሪያ ጥቂት ብቻ ገዝተን በአባሎቻችን ቤት አንድ ወር እንፈትናቸው፤ ካለፉ ብቻ የቀረውን እናዝዝ። ክፍያው ከየወሩ ቁጠባ ላይ እየተቀነሰ ይመለስ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ሱቅ ገብታ «ሉመኑ የታል? ዋስትናውስ?» ብትል ላትሰማ ትችላለች፤ ማኅበር ሆነን ስንጠይቅ ግን ሻጩ መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል።

 አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እህቶች አውጡትና አብረን እናስላ።